ቆሞ ባትሪ የሚበላ መኪና

ዓርብ ማታ ደህና የነበረ መኪና ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሲዞርለት ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ጥበቃው ይጠራል፤ ሁለት ጎረቤት ይጨመራል፤ ይገፋል። አውቶማቲክ ከሆነማ ግፊ አያስነሳውም፤ የሰው ባትሪ በኬብል መለመን ነው። በዚህ መሃል ምክሩ ይዘንባል። አንዱ "ባትሪው አርጅቷል፣ ቀይረው" ይላል። ሌላው "ዲናሞው አይሞላም" ይላል። ባትሪ መቀየር ስለሚቀል ይቀየራል። መኪናው በየቀኑ እስከተነዳ ድረስ ሰላም ነው። ረጅም በዓል መጥቶ ሦስት ቀን ሲቆም ግን ያው ጠቅ ጠቅ።

እዚህ ላይ የሚደባለቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ባትሪው ራሱ ቻርጅ መያዝ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አልተርኔተሩ፣ ብዙዎቻችን ዲናሞ የምንለው፣ በደንብ እየሞላው አይሆንም። ሦስተኛ፣ መኪናው ጠፍቶ ቆሞ እያለ የሆነ ነገር ከረንት እየሳበ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሦስተኛው ነው። ዋናው መሣሪያ ቮልትና ከረንት የሚለካው መልቲሜትር ነው፤ ብዙ ሱቅ ውስጥ ቴስተር ብላችሁ ብትጠይቁም ይሰጧችኋል። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ትዕግሥቱ ነው። መኪናው ሳይነካ፣ ተኝቶ እያለ መለካት አለበት። እኛ ደግሞ ኮፈን ከፍተን ቶሎ ፊውዝ መንቀል እንወዳለን። አብዛኛው ልፋት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስንት ቢበላ ነው ችግር የሚባለው?

የዛሬ መኪና ቁልፉ ወጥቶም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሰዓቱ ይቆጥራል። የሪሞቱን ምልክት የሚጠብቀው ክፍል ነቅቶ ያድራል። ቴፑ የመዘገበውን ጣቢያ እንዳይረሳ ትንሽ ከረንት ይፈልጋል። የሞተሩ ኮምፒውተርም እንደዚሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር ቢሆን ጤነኛ ነው። አንድ አምፒር 1000 ሚሊአምፒር ነውና፣ 50 ሚሊአምፒር የአንድ አምፒር ሃያኛ መሆኑ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገሩ ግን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዳለው ሮቶ ነው፤ ጠብታዋ ምንም አትመስልም፣ ሌሊቱ ግን ረጅም ነው። እስቲ እናስላው። ትንንሽ መኪኖች ላይ የተለመደ ባትሪ 45 አምፒር ሰዓት ይላል፤ አንድ አምፒር ሰዓት ማለት አንድ አምፒር ለአንድ ሰዓት ሲሳብ ነው። መኪናው ቆሞ 30 ሚሊአምፒር ቢስብ በቀን 0.72 አምፒር ሰዓት ነው። የባትሪውን ግማሽ ለመጨረስ አንድ ወር ይፈጅበታል። 340 ሚሊአምፒር ቢስብስ? ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት 61 ሰዓት አለ። በዚህ ጊዜ ወደ 21 አምፒር ሰዓት ይጠፋል። የባትሪው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ባትሪው ትንሽ ካረጀ ወይም ዓርብም ሙሉ ካልነበረ፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ በብርድ ጠዋት ለማዞር አቅም አያገኝም።

ስለዚህ "ስንት ቀን ሲቆም ነው የሚሞተው?" የሚለው ጥያቄ ራሱ መረጃ ነው። በአንድ ሌሊት ከሞተ ከአንድ አምፒር በላይ የሚስብ ነገር ፈልጉ፤ ሳይጠፋ የቀረ መብራት ወይም ተጣብቆ የቀረ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ጥቅልል የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሦስት ቀን ከሆነ ከ300 እስከ 500 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። የዳሽቦርዱ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያለችው ባለ 5 ዋት አምፖል ብቻዋን ከ400 ሚሊአምፒር በላይ ትስባለች። በሁለት ሳምንት የሚሞት ከሆነ ደግሞ ምናልባት የበላው የለም፤ ባትሪው ደክሞ ይሆናል።

መጀመሪያ ባትሪውንና ዲናሞውን ከወንጀል ነፃ አውጡ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት።

መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ የባትሪውን ሁለት ራሶች ለኩ። 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካለ ሙሉ ነው። 12.4 ወደ ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ወደ ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ገደማ ነው። ከ11.9 በታች ከሆነ ባዶ በሉት። ሞተሩ ገና እንደጠፋ አትለኩ፤ ባትሪው ከቻርጅ የተረፈ የውሸት ቮልቴጅ ስለሚያሳይ ትሸወዳላችሁ።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱና እዚያው ለኩ። በአብዛኛው መኪና ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ምናምን ላይ ተኝቶ ከቀረ ጣጣው ሌላ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ዲናሞውን አሠሩ።

አሁን ባትሪውን ከመኪናው የሚለየው ፈተና። ባትሪውን በቻርጀር ሙሉት። ኔጋቲቩን ፍቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ የ10 ቁልፍ ይበቃል። ከዚያ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት 12.6 አካባቢ ካገኛችሁት ባትሪው ይይዛል፤ የሚበላው መኪናው ነው። ከመኪናው ጋር ሳይገናኝ በአንድ ሌሊት ወደ 12.3 ወርዶ ካደረ ግን ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። ገንዘብ የማያስወጣ ሆኖ ይህን ያህል የሚያሳይ ፈተና አላውቅም፤ የሚገርመው ግን ማንም አይሠራውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የባትሪው ጀርባ ቆሻሻና እርጥብ ከሆነ፣ አቧራው ከአሲድ ጋር ተደባልቆ ከራስ ወደ ራስ ከረንት ያሳልፋል። መልቲሜትሩ ቮልት ላይ እንዳለ አንዱን ጫፍ ኔጋቲቩ ላይ፣ ሌላውን የፕላስቲኩ ጀርባ ላይ አስነኩት። ቁጥር ካሳየ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ እጠቡት፤ ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ግን ተጠንቀቁ።

መኪናውን ማስተኛት

አሁን ዋናው ሥራ። ከመለካታችን በፊት ግን መኪናውን "ሰው የለም፣ ተቆልፌያለሁ" ብሎ እንዲያምን ማድረግ አለብን።

መኪና ሲጠፋ ውስጡ ያሉት ኮምፒውተሮች በአንዴ አይተኙም። በሩ ሲዘጋ አንዳንዱ ወዲያው ያርፋል፤ ሌላው ደግሞ ለብዙ ደቂቃ ነቅቶ ይቆያል። ቀለል ያለ የቆየ መኪና በጥቂት ደቂቃ ይተኛል። አዳዲሶቹና ቅንጡዎቹ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ መለኪያው መጀመሪያ ጥቂት አምፒር፣ ቀጥሎ ግማሽ አምፒር ገደማ፣ በመጨረሻ ሚሊአምፒሮች ያሳያል። በሁለተኛው ደቂቃ 600 ሚሊአምፒር አይቶ "አገኘሁት!" የሚል ሰው ጤነኛ መኪና ማፍረስ ይጀምራል።

ችግሩ የውስጡ ፊውዝ ቦክስ ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር ስለሚገኝ በር ከፍቶ መሥራት ግድ መሆኑ ነው። በር ከተከፈተ ደግሞ መኪናው አይተኛም። ዘዴው እንዲህ ነው። በሩን ክፍት እንዳለ ተዉት። በበሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን የመቆለፊያ ምላስ በካቻቢቴ ገፍታችሁ እስክትዘጋ አዙሯት። ብዙ መኪና ላይ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ የውስጡ መብራት ይጠፋል። የቆዩ መኪኖች ላይ ግን ማብሪያው በሩ ማረፊያ ላይ ያለች የጎማ ቁልፍ ናት፤ እሷን ተጭናችሁ በናስትሮ እሰሯት። ሥራው ሲያልቅ ምላሷን በበሩ እጀታ ስባችሁ መልሷት። ረስታችሁ በሩን ከደረገማችሁት መቆለፊያው ሊሰበር ይችላል።

ኮፈኑ ላይም ማብሪያ ያለው መኪና አለ፤ አላርም ያለው በተለይ። እሱንም እንደዚሁ ዝጉት። ቁልፉ ባለ ሪሞትና ያለ መክተት የሚያስነሳ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ አትያዙት፤ ቤት አስገቡት። ቁልፉ በቀረበ ቁጥር መኪናው ይነቃል፤ እናንተም የራሳችሁን ኪስ ስትለኩ ትውላላችሁ።

መልቲሜትሩን መሃል ማስገባት

ከረንት እንደ ቮልቴጅ ሁለት ጫፍ አስነክቶ አይለካም። ከረንቱ በመለኪያው ውስጥ ማለፍ አለበት። ስለዚህ የኔጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ለይተን መልቲሜትሩን በመሃል እናስገባለን። ለምን ኔጋቲቩ? ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ ብልጭታ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ ይለቃል። ቀለበትና የብረት ሰዓትም አውልቁ። 12 ቮልት ሰውን አይዝም፤ በፖዘቲቩና በብረቱ መሃል የገባ ቀለበት ግን ጣት ያቃጥላል።

የመልቲሜትሩን ቀይ ሽቦ "10ኤ" ከሚለው ቀዳዳ ሰኩት። አብዛኛው ሰው መለኪያውን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። የሚሊአምፒሩ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሚሊአምፒር በላይ አይችልም፤ መኪናው ሲነቃ ከዚያ በላይ ይስባል፤ ውስጥ ያለችው ፊውዝ ትቃጠላለች። የሚያስቀው ነገር ከዚያ በኋላ መለኪያው ዜሮ ያሳያል። ባለቤቱም "መኪናው ምንም አይበላም" ብሎ ኮፈኑን ይዘጋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት መለኪያውን ፈትኑት። አንድ ትንሽ የመኪና አምፖል በመልቲሜትሩ በኩል ከባትሪው ጋር አገናኙ። አምፖሏ በርታ ቁጥር ካሳየ ደህና ነው።

አሁን አንድ ጥሩ ልማድ። ኔጋቲቩን ዝም ብላችሁ ከፈታችሁት መኪናው ኃይል ያጣል፤ መልሳችሁ ስታገናኙት ሁሉም ኮምፒውተር እንደገና ይነቃል፤ አንዳንዴ የምትፈልጉት ጥፋትም አብሮ ተሰውሮ ይቀራል። ተጣብቆ የነበረ ሪሌ ይለቃል፤ የተንጠለጠለ ኮምፒውተር ራሱን ያስተካክላል። ከዚያ ለሳምንት ደህና ሆኖ ይሰነብትና ይመለሳል። ይህ እንዳይሆን ሁለት ጫፉ ክሊፕ ያለው ወፈር ያለ ሽቦ አዘጋጁ። ኔጋቲቩን ሳትፈቱ አንዱን ጫፍ ባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላውን ገመዱ ላይ እሰሩ። ከዚያ ገመዱን ፍቱ። መኪናው በሽቦው በኩል ኃይል እያገኘ ነው፤ ምንም አላወቀም። መልቲሜትሩንም በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መሃል እሰሩ። መኪናው እስኪተኛ ሽቦው እንዳለ ይቆይ። ግማሽ ሰዓት ሲሆነው ሽቦውን ብቻ አንሱት፤ ከረንቱ አሁን በመልቲሜትሩ ያልፋል። ቁጥሩን አንብቡ። መኪናውን መክፈት ስትፈልጉ መጀመሪያ ሽቦውን መልሱት።

በዚህ ሁኔታ እያለ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር። ሞተሪኖ ከመቶ አምፒር በላይ ይስባል፤ ባለ 10 አምፒር መለኪያ በአንድ አፍታ ነው የሚያልቅለት። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ቁልፉን ደብቁት።

ክላምፕ ሜትር ያለው ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ አያይም። መንጋጋውን ከፍቶ የኔጋቲቩን ገመድ ያቅፋል፣ በቃ። ምንም አይፈታም፣ ምንም አይነቃም። ግን ሲገዛ ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። አንደኛ፣ ዲሲ ይለካል ወይ? ርካሾቹ ክላምፖች የቤት ኤሌክትሪክ የሆነውን ኤሲ ብቻ ነው የሚለኩት፤ መኪና ላይ ዜሮ ነው የሚሏችሁ። ሁለተኛ፣ ስንት ሚሊአምፒር ድረስ ያያል? ባለ 400 አምፒር ክላምፕ ዲሲ ቢለካም ብዙ ጊዜ 30ና 80 ሚሊአምፒርን በደንብ አይለይም። ለዚህ ሥራ እስከ 1 ሚሊአምፒር የሚያሳየው ነው የሚሆነው። ከመለካታችሁ በፊት መንጋጋው ባዶ እንዳለ ዜሮ አድርጉት፤ ከኔጋቲቩ የሚወጡ ገመዶች ሁለት ከሆኑም ሁለቱንም አብራችሁ እቀፉ። ጋራዥ ለከፈተ ሰው ይህን መሣሪያ መግዛት ወጪውን ይመልሳል። ለአንድ የቤት መኪና ግን የሽቦው ዘዴ ይበቃል።

ፊውዝ አትንቀሉ፤ በላዩ ላይ ለኩ

እንበል መኪናው ተኝቷል፤ ቁጥሩ ግን 340 ላይ ቆሟል። የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። የት?

የድሮው መንገድ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን መጠበቅ ነው። ይሠራል፤ በቆየ መኪና ላይ እንዲያውም ጥሩ ነው። አዲስ መኪና ላይ ግን ፊውዝ ስትነቅሉ አይወርድ ይሆናል፤ መልሳችሁ ስትሰኩ ግን ያ ክፍል ይነቃል፤ ከእሱ ጋር የሚነጋገሩት ሌሎቹም ይነቃሉ። ቁጥሩ ወደ አንድ አምፒር ይዘላል። እንደገና ግማሽ ሰዓት ጥበቃ። ሠላሳ ፊውዝ ካለ ቀኑ አለቀ።

የሚሻለው ይህ ነው። በማንኛውም ፊውዝ ውስጥ ከረንት ካለፈ በሁለቱ ጫፎቹ መሃል እጅግ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ፊውዝ ቀጭን ብረት ስለሆነ ትንሽ ሬዚስታንስ አለው። የመኪና ፊውዝን ከላይ ብታዩት ፕላስቲኩ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ይታያሉ። እነሱ የተተዉት ለመለኪያ ነው። መልቲሜትሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጉ፤ ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳ መመለስ እንዳትረሱ። ከዚያ ሁለቱን ሹል ጫፎች በሁለቱ ነጥቦች ላይ አሳርፉ። 0.0 ካለ በዚያ ፊውዝ ምንም አያልፍም፤ ወደ ቀጣዩ። ቁጥር ካለ በዚያ በኩል ከረንት እየሄደ ነው። ምንም አልነቀላችሁም፤ መኪናው አልነቃም። በዚህ ዘዴ ስትሠሩ መልቲሜትሩ መሃል መግባትም አያስፈልገውም፤ ባትሪው እንደታሰረ ነው።

ሚሊቮልቱን ወደ ሚሊአምፒር መቀየርም ይቻላል። ትንንሾቹ ፊውዞች ላይ በግምት፣ ባለ 5 አምፒሩ 17 ሚሊኦም፣ ባለ 10ሩ 7.5፣ ባለ 15ቱ 4.6፣ ባለ 20ው 3.2 ገደማ ሬዚስታንስ አላቸው። ሚሊቮልቱን በዚህ ቁጥር ስታካፍሉት አምፒሩን ታገኛላችሁ። ባለ 15 አምፒር ፊውዝ ላይ 1.4 ሚሊቮልት ካነበባችሁ፣ 1.4 ለ4.6 ሲካፈል 0.3 አምፒር፣ ማለትም 300 ሚሊአምፒር ነው። ከ340ው አብዛኛው ተገኘ ማለት ነው። የቀረው 40 የመኪናው የራሱ ጤነኛ ፍጆታ ነው። ስሌቱን ባትሠሩትም ችግር የለም፤ ሁሉም ዜሮ ወይም 0.1 ሲል አንዱ 1.4 ካለ ራሱ ይናገራል። ግን መለኪያችሁ እስከ 0.1 ሚሊቮልት ማሳየት አለበት።

ፊውዝ ቦክሱ አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ከመሪው ሥር፣ ሌላው ኮፈን ውስጥ ከባትሪው አጠገብ ነው፤ አንዳንድ መኪና ከኋላም አለው። ከኮፈኑ ብትጀምሩ ይሻላል። እዚያ ያሉት ትልልቆቹ ፊውዞች የውስጡን ቦክስ የሚመግቡት ስለሆኑ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንዳለ ቶሎ ይነግሯችኋል።

ፊውዙ ከተገኘ በኋላ ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። አንድ ፊውዝ ብዙ ነገር ሊመግብ ይችላል። ባለ 15 አምፒሩ ለምሳሌ የቴፑ ሆኖ ተገኘ እንበል። ቴፑ የፋብሪካ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ አንድሮይድ? የኋለኛው ከሆነ አውጥታችሁ ከጀርባው ያለውን ሽቦ እዩ። ቢጫው ሽቦ ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ ማስታወሻውን የሚይዝ ነው። ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ሊኖረው ይገባል። አንዳንድ ገጣሚ የቁልፉን መስመር ፍለጋ ስለሚሰለቸው ቀዩንና ቢጫውን አብሮ ይጠመዝዝና ናስትሮ ይጠቀልልበታል። ቴፑ ይሠራል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ስክሪኑ ቢጨልምም ውስጡ ግን አይተኛም። ናስትሮውን ስትፈቱት ሁለቱ ሽቦዎች ተቃቅፈው ታገኟቸዋላችሁ። ለዩዋቸው፤ ቀዩን ቁልፍ ሲዞር ብቻ 12 ቮልት ከሚያገኝ መስመር ጋር አገናኙ፤ መልሳችሁ ለኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለጥርጣሬ የመጀመሪያው ቦታ ሰው በኋላ የጨመረው ነገር ነው። አላርም፣ ጂፒኤስ፣ አምፕሊፋየር፣ የኋላ ካሜራ፣ ጌጥ መብራት፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክቶ የቀረ የስልክ ቻርጀር። መለካት ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪው ራስ ላይ ከወፍራሞቹ ገመዶች ሌላ የታሰሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ካሉ ተከተሏቸው። እነዚህ በመኪናው ፊውዝ ቦክስ አያልፉም፤ ስለዚህ ፊውዝ ላይ የሚደረገው ልኬት አያያቸውም።

ጂፒኤስ የራሱ ጠባይ አለው። ለብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ ይቆይና ቦታውን ለመላክ ይነቃል፤ ከዚያ ይተኛል። ምልክት በማይደርስበት ምድር ቤት ውስጥ ሲቆም ደግሞ አንዳንዱ ደጋግሞ ይሞክራል። በአንድ አፍታ ብትለኩ ምንም አታዩም። እንዲህ ሲሆን መልቲሜትሩን ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን በሚመዘግብበት ማክስ ሚን ላይ አድርጉና ለሰዓት ያህል ተዉት። ከፍተኛው ዘሎ ከተገኘ የሚነቃ ነገር አለ።

ሪሌዎችንም በእጅ መዳሰስ ይጠቅማል። መኪናው ሰዓታት ከቆመ በኋላ ሁሉም ሪሌ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አንዱ ሞቅ ካለ ጥቅልሉ ውስጥ ከረንት አለ፤ ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፒር ለብቻው ይበላል፣ የሚያበራው ነገር ሳይቆጠር። ቀዝቃዛ ሪሌ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የውስጥ ብረቱ ተጣብቆ ጥቅልሉ የጠፋም ይኖራል።

ሁሉም ፊውዝ ዜሮ ሲል

ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ነው፤ የተጨመረ ሽቦ የለም፤ ፊውዞቹም ንጹሕ ናቸው። አሁን ወደ ዲናሞው ሂዱ። ዲናሞ የሚያመነጨው ኤሲ ነው፤ ወደ ዲሲ የሚቀይሩት ዳዮዶች ናቸው። እነዚሁ ዳዮዶች ሞተሩ ሲጠፋ ከረንቱ ከባትሪው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዱታል። አንዱ ከተበላሸ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ዲናሞው ይፈሳል። ቀን ቀን ደግሞ ሲሞላ ታዩታላችሁ፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ባትሪ ደጋግሞ ከሚያስቀይሩ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

መሣሪያ የማይፈልግ ፈተና አለው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዲናሞውን በእጃችሁ ዳስሱት። ሌሎቹ የሞተር ክፍሎች ቀዝቅዘው እሱ ለብ ካለ፣ ሲፈስበት አድሯል። በመለኪያ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኔጋቲቩን ፍቱ፤ ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ወፍራም ገመድ አውጡ፤ ጫፉ ብረት እንዳይነካ በናስትሮ ሸፍኑት። ከዚያ ኔጋቲቩን በመልቲሜትሩ በኩል መልሱና እንዲተኛ ጠብቁ። ቁጥሩ ከ340 ወደ 30 ከወረደ ጥፋተኛው ተገኘ። ገመዱ ወጥቶ እያለ ግን ሞተሩን እንዳታስነሱ።

ኤሌክትሪክ መኪናስ?

ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመደረጉ ኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በዝቷል። ብዙ ገዥ "እንግዲህ ከባትሪ ጣጣ ተገላገልኩ" ይላል። እነዚህም መኪኖች ግን ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያነቃው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። ትንሹ ከሞተ ትልቁ 80 በመቶ ሞልቶም መኪናው አይነሳም።

የመለኪያው ሐሳብ አንድ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይለያል። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ማንኛውንም ገመድ አትንኩ፤ የሚገድል ቮልቴጅ አለበት። በ12 ቮልቱ በኩል ብቻ ሥሩ፤ ሳትፈቱ በክላምፕ መለካት ይመረጣል። ብዙዎቹ ቆመው እያሉ ትንሹ ባትሪ ሲወርድ ራሳቸው ነቅተው ከትልቁ ይሞሉታል፤ በዚያ ሰዓት የሚታየው ከረንት ጥፋት አይደለም። የስልክ አፕሊኬሽኑን በየደቂቃው እየከፈቱ መኪናውን ማየትም ያነቃዋል። ሊቲየም የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያላቸውም አሉ፤ ከላይ የጻፍኩት የቮልቴጅ ቁጥር ለእነሱ አይሠራም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት አርፎ 13.2 ገደማ ያሳያል፤ 12.6 ካለ ሊያልቅ ነው።

ከጥገናው በኋላ

ጥፋቱ ተገኝቶ ከተሠራ በኋላ ልኬቱን ከመጀመሪያው ድገሙት፤ መኪናው ተኝቶ፣ ቁልፉ ርቆ። ከ50 ሚሊአምፒር በታች ካልወረደ ሁለተኛ የሚበላ አለ ማለት ነው፤ ይህ የሚመስለውን ያህል ብርቅ አይደለም።

ደጋግሞ ባዶ የሆነ ባትሪ ደግሞ ከውስጡ ይጎዳል። ወዲያው እየነዱ በዲናሞው ለመሙላት አትሞክሩ፤ ዲናሞው ባዶ ባትሪ እንዲያነሳ አልተሠራም፣ አጭር የከተማ ጉዞም አይሞላውም። ቀስ ብሎ በሚሞላ ቻርጀር አንድ ሌሊት ይዋል። ከዚያ ኔጋቲቩን ፈታችሁ ያንኑ የሌሊት ፈተና ስጡት። 12.6 ላይ ካደረ ይሠራል። ከ12.4 በታች ከወረደ፣ አሁን ነው አዲስ ባትሪ የሚገዛው።